የደወል ሜዳ ሕዝብ

ደወል ሜዳ ከጠዋት እስከ ማታ በሕዝብ ይሞላል። ሜዳው ላይ ግን ሰው የለም።

የአደባባዩ ሠራተኞች ሁለቱን ቃላት አያምታቱም። «ሕዝብ» የሚሉት በብርሃን የሚመጣውን ነው። ከድሮ ፊልም፣ ከሰው ስልክ፣ ከመንገድ ካሜራ ተለቃቅሞና ተጣርቶ በየሰዓቱ አስፋልቱ ላይ የሚቆመው እሱ ነው። ትኬት ቆርጦ ዙሪያውን ደረጃ ላይ የሚቀመጠው ደግሞ «ጎብኚ» ይባላል። ሕዝብ ይሰበሰባል፣ ጎብኚ ያያል። ጎብኚ ሜዳውን ከረገጠ ብርሃኑ ስለሚቋረጥ ሕዝቡ ላይ ቀዳዳ ይፈጠራል። ስለዚህ መርገጥ ክልክል ነው።

ሜዳው እንዲህ ከመሆኑ በፊት ብዙ ነገር ነበር። መጀመሪያ የከብት ገበያ ነበር። ቀጥሎ እሳት ሲነሳ የሚመታ ትልቅ ደወል ተተከለበትና ስሙን ከዚያ አገኘ። በኋላ የመጡት መንግሥታት እያንዳንዳቸው ሌላ ስም አወጡለት። ሰሌዳው ተቀየረ፤ የታክሲ ረዳቶች ግን «ደወል! ደወል!» ማለታቸውን አልተዉም። ሰልፍ ወጣበት፣ ወታደር ተሰለፈበት፣ ደመራ ነደደበት፣ ለሞቱ ሰዎች ሻማ በራበት። መንጃ ፈቃድ የሚማሩ ሰዎች መሀሉ ላይ ሞተር ጠፍቶባቸው ላብ በላብ ሆኑ። ሯጮች ገና ሳይነጋ ደረጃውን ወጡ፣ ወረዱ። ለበዓል በግ ተሸጠበት፤ ሥራ ያጣ ሰው ደግሞ እንዲሁ ተቀመጠበት። ከዚያ ታደሰ። ሲታደስ አጥር ተሠራለት። አጥር ሲኖረው መቀመጥ ተከለከለ፤ ቆይቶ መቆምም ተከለከለ። ነገር ግን ባዶ ሜዳ ሊያይ የሚመጣ ስለጠፋ ሕዝቡ በብርሃን ተመልሶ መጣ።

ኖላዊት ጥበቡ የምትሠራው ከአደባባዩ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። የከተማው አውቶቡሶች ሾፌር የላቸውም። መንገድ ላይ ሲቆሙ ግን ተሳፋሪው የሰው ድምፅ ካልሰማ ይረበሻል። ያ ድምፅ እሷ ናት። ከፊቷ ባለው ሰሌዳ ላይ የቆመ አውቶቡስ ምልክት ሲቀላ ወደ ማይክሮፎኑ ትጠጋና በለሰለሰ ድምፅ «ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ ለደረሰው መጉላላት ከልብ እናዝናለን። በቅርቡ እንንቀሳቀሳለን» ትላለች። አውቶቡሱ ለምን እንደቆመ፣ መቼ እንደሚንቀሳቀስ እሷም አታውቅም። እንድታውቅም አይጠበቅባትም። ተሳፋሪው ከመቀመጫው አጠገብ ያለውን የመናገሪያ ቁልፍ ተጭኖ ሊያናግራት ይችላል፤ አብዛኛው ሰው የሚጫነው ለመሳደብ ነው። አውቶቡሱ ደህና ሲሄድ ደግሞ ተጽፎ የመጣላትን ታነባለች። በስተቀኝዎ ይህ ነው፣ በስተግራዎ ያ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ይድነቃቸው ደወለላት። ይድነቃቸው የሚኖረው አዳማ ነው፤ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ይጠግናል። የዚያን ቀን የሚስቱን ዘመዶች አደባባዩን ሊያሳይ ይዞ መጥቶ ነበር።

«ኖላ» አለ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «እማዬን አገኘኋት።»

እናታቸው እንግዳወርቅ ከሞተች ሠላሳ ዓመት አልፏታል።

«ምን አልክ አንተ?»

«ደወል ሜዳ ነኝ። የመስከረሙ ትዕይንት ላይ አለች። ከፎቶው ጋር አስተያየኋት፤ እሷ ናት። ትንቀሳቀሳለች ኖላ! ትስቃለች!»

ፎቶ የሚለው በእናታቸው የሆስፒታል የሥራ መታወቂያ ላይ ያለውን ነው። ሌላ የላቸውም። እንግዳወርቅ በሞተች ጊዜ ኖላዊት አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ይድነቃቸው ደግሞ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። እናቱ እንዴት እንደሞተች ሰው ሲጠይቀው «ደረጃ ላይ ወድቃ» ይላል። የትኛው ደረጃ እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። ኖላዊትም አንስታለት አታውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረው ሄዱ። ከላይኛው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ሰዓቱ ሲደርስ ሜዳው ጭጋግ እንደለበሰ ነጣ፤ ከዚያ ሕዝቡ ቆመ። ነጭ የለበሱ ሴቶች አደይ አበባ ታቅፈው ያጨበጭባሉ። የበዓል ዜማ ከየአቅጣጫው ይሰማል።

«ከሦስተኛው ምሰሶ በታች» አለ ይድነቃቸው። «ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረችው። አየሻት?»

ኖላዊት አየቻት። ለማወቅ ፎቶ አላስፈለጋትም። አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል የምታደርገው ነገር እሷው ነበረች። ከጎኗ የቆመችው ጎረቤታቸው እትዬ ደብሪቱ ናት። ከኋላ ያሉትንም አንድ በአንድ ለየቻቸው። ሁሉም ያደገችበት የገደል ሰፈር ሴቶች ናቸው። በሕይወቷ አንድ ቀን ብቻ ነው እነዚህን ሴቶች በአንድነት እዚህ ሜዳ ላይ ያየቻቸው፤ ያ ቀን ደግሞ በዓል አልነበረም።

የዚያን ዓመት በገደል ሰፈር ቧንቧ ደርቆ ከረመ። እንግዳወርቅ ሆስፒታል የበሽተኛ አንሶላ ታጥባለች። ቀኑን ሙሉ በሰው ውሃ እጇ ሲረጥብ ውላ ማታ ወደ ደረቀ ቤት ትገባለች። ሴቶቹ ወደ ቀበሌው ተመላለሱ፣ ሰሚ አጡ። መጨረሻ ላይ ባዶ ጄሪካናቸውን ይዘው ደወል ሜዳ ወጡ። ጄሪካኑን እንደ ከበሮ እየመቱ «ውሃ! ውሃ!» አሉ። ኖላዊት ወንድሟን አዝላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታይ ነበር።

አሁን ጄሪካኑ የለም። በቦታው የአደይ አበባ እቅፍ አለ። ጄሪካኑን ይመታ የነበረው እጅ ያጨበጭባል። የተበሳጨው ፊት ይስቃል። አፉን ግን የነካው የለም። ዜማው ሌላ ይበል እንጂ የእናቷ ከንፈር ይሾልና ይከፈታል፣ ይሾልና ይከፈታል።

ትዕይንቱ ሲያልቅ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ተነጋገሩ።

«ያ በዓል አይደለም ይድኔ» አለችው። «ውሃ ጠፍቶ ነው የወጡት። የያዘችው ጄሪካን ነበር። አፏን አላየኸውም? ‹ውሃ› ነው እኮ የምትለው።»

ይድነቃቸው ዞሮ ሜዳውን አየ። ከዚያ «ትስቃለች እኮ» አለ።

«ሳቁን የለጠፉላት እነሱ ናቸው!»

«ይሁና። አንቺ አሥራ ሁለት ዓመት አብረሻት ኖረሻል። ስትቆጣም፣ ስትስቅም፣ ስትተኛም አይተሻታል። እኔ ያለኝ የመታወቂያ ፎቶ ነው። አሁን ደግሞ ይህንን አገኘሁ። ተይልኝ።»

ሰኞ ዕለት ግን ኖላዊት ከሥራ አስፈቅዳ ወደ አደባባዩ አስተዳደር ሄደች።

በሩ ላይ ያለው ማሽን የመጣችበትን ምክንያት እንድትመርጥ ጠየቃት። የሠርግ ፎቶ፣ ልደት፣ የቡድን ጉብኝት፣ የጠፋ ዕቃ የሚሉ ምርጫዎች ነበሩ። ለእሷ ጉዳይ የሚቀርበው የመጨረሻው መሰላትና ነካችው። ማሽኑ የዕቃው ቀለም ምን እንደሆነ ጠየቃት። «ቢጫ» አለች። ዕቃው ከጠፋ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ጠየቃት። እውነቱን ነገረችው። ማሽኑ አመስግኖ ተዘጋ።

ከብዙ ምልልስ በኋላ የትዕይንት ክፍል ኃላፊው ዘንድ ደረሰች። አቶ መርዕድ ይባላል። ጸጉሩን አሳምሮ የተስተካከለ፣ ሰው ሲያናግር ሁለት እጁን ጠረጴዛ ላይ የሚያኖር ጨዋ ሰው ነው። ገና «ደህና መጡ» ሲላት ድምፁን አወቀችው። የራሷ የሥራ ድምፅ ነበር።

«እናትዎ መሆናቸውን በምን አወቁ?» አላት።

«እናትሽን በምን አወቅሽ ይባላል እንዴ?»

«አይቀየሙኝ። ለመዝገብ ያህል ነው።»

«እሺ፤ እናቴ ናት። የያዘችው አበባ አይደለም፣ ጄሪካን ነው። የወጣችውም ልትጨፍር ሳይሆን ውሃ ልትጠይቅ ነው። እንዲታረምልኝ ነው የመጣሁት።»

አቶ መርዕድ የምስል ሰሌዳውን ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነዎት። ጥሬው ምስል ላይ ቢጫ ነገር አለ። ባለሙያዎቻችን ቢጫውን ጠብቀውታል።»

«አበባ አድርጋችሁ!»

«ቀለሙ ግን የእናትዎ ነው።»

ኖላዊት ፊቱን መረመረች። ሰውየው እያሾፈ አልነበረም። የሚያጽናናት መስሎታል።

«እንደው ለምን?» አለች። «እንደነበረው ቢታይ ምን ይጎዳችኋል?»

«ሞክረነዋል። በፊት የሐዘን ሰዓት፣ የተቃውሞ ሰዓት የሚባል ነበረን። ጎብኚ መሀል ላይ እየተነሳ ይወጣል። ልጅ ይዞ የመጣ ቤተሰብ ይቀየማል። ለነገሩ ሕዝብ እኮ ስም የለውም። እኛ የምናሳየው አንድን ሰው አይደለም፤ ስሜቱን ነው።»

«እናቴ ስም አላት።»

«ከልብ እናዝናለን» አለ አቶ መርዕድ።

ይህችን ሐረግ ኖላዊት በቀን ስንት ጊዜ እንደምትላት አታውቅም። ሰው እንዲህ ብሎ ሲያበቃ በውስጡ ምንም እንደማይቀር ግን ታውቃለች።

ማረም የሚባል አገልግሎት እንደሌለ ነገራት። ማውጣት ግን ይቻላል። ለዚያ የሟች ልጆች ሁሉ ተስማምተው መፈረም አለባቸው። እስከዚያው ለቤተሰቡ የዕድሜ ልክ ነፃ መግቢያ ሊሰጣቸው ይችላል።

«ሜዳው ላይ ቆሜ ምን እንደነበር ለሰው እንድናገርስ?»

«ሜዳው ላይ ለመቆም ምክንያት ያስፈልጋል።»

«ምክንያቴን ነገርኩዎት እኮ!»

«እሱ ቅሬታ ነው እህቴ። ምክንያት አይደለም።»

ክረምቱ በዚህ አለፈ። የቅርስ ክፍል ወደ ብርሃን ክፍል ላካት፣ የብርሃን ክፍል ወደ ቅርስ መለሳት። የቅሬታ ክፍሉ እድሳት ላይ ነበር። በየሄደችበት ሰው አይጮህባትም፣ በር አይዘጋባትም፤ ወንበር ይሰጧታል፣ ውሃ ይቀዱላታል፣ ሰምተው ያዝናሉ። አንዱ እንኳ ሰድቦ ቢያባርራት የምትይዘው ነገር ባገኘች ነበር። እንደ ቅቤ ከእጇ ያመልጣሉ። ሥራ ቦታዋ ስትመለስ ደግሞ አውቶቡሶቹ ይቀላሉ፤ ጠጋ ትልና ከልብ ታዝናለች።

ይድነቃቸው አልፈርምም አለ። ነፃ መግቢያውን ተቀብሎ በየወሩ ከአዳማ ይመጣል። እሷ ከአጥሩ ውጭ ትጠብቀዋለች። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ፊቱ በርቶ ነው። ስለ ትዕይንቱ አያወሩም። ምሳ በልተው ይለያያሉ።

መስከረም ሲጠባ ኖላዊት ከአንድ የመቃብር ስፍራ አትክልተኛ አሮጌ ቢጫ ጄሪካን ለመነች። ክዳን አልነበረውም፤ እጀታው በሽቦ ታስሯል። በትልቅ ቦርሳ ውስጥ ከተተችውና አንድ እሑድ ወንድሟን «ዛሬ አብሬህ እገባለሁ» አለችው። ይድነቃቸው ደስ አለው። ልቧ የራራ መሰለው።

ከታችኛው ደረጃ ተቀመጡ። ብርሃኑ መጣ፣ ሕዝቡ ቆመ፣ ዜማው ተነሳ። ኖላዊት ጄሪካኑን አወጣች። ይድነቃቸው «ምንድነው እሱ?» ሲል እሷ ገመዱን ተሻግራ ሜዳው ውስጥ ነበረች።

አስፋልቱ ከጫማዋ ስር ጠንካራ ነበር። በሴቶቹ መሀል ስታልፍ እጇ ላይ፣ ልብሷ ላይ የአበባ ቢጫ ይፈሳል። ሦስተኛው ምሰሶ ጋ ደረሰችና ከእናቷ ጎን ቆመች። እናቷ ከትከሻዋ ዝቅ ትላለች። በዕድሜም ታንሳታለች። እንግዳወርቅ ስትሞት ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር፤ ኖላዊት አርባን ካለፈች ቆይታለች። እናቷን እንደ ታናሽ እህት አየቻት። ከዚያ ጄሪካኑን በመዳፏ መታች።

«ውሃ!» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። ደግማ መታች። «ውሃ! ውሃ!»

ደረጃው ፀጥ አለ። ጥበቃዎቹ ተያዩ። አንደኛው ጆሮው ላይ ያለውን መሣሪያ ነካ፤ ምንም ትእዛዝ አልመጣለትም።

«ይሄ በዓል አይደለም!» ስትል ጮኸች ኖላዊት። «ውሃ ጠፍቶባቸው ነው! አበባ አይደለም የያዙት፣ ጄሪካን ነው! እናቴ ናት ይቺ! እንግዳወርቅ በሻህ ትባላለች! ሰው ሲባረር እዚሁ ደረጃ ላይ ወድቃ ነው የሞተችው! የተቀመጣችሁበት ላይ!»

አንድ ሰው አጨበጨበ።

ከዚያ ከጎኑ ያሉት አጨበጨቡ። ከዚያ ደረጃው በሙሉ። ከላይ በኩል አንዲት ሴት እልልታዋን አቀለጠችው። ሰዎች ተነስተው ይቀርጿት ጀመር። ኖላዊት «አይደለም! ስሙኝ!» ባለች ቁጥር ጭብጨባው ይብሳል። ያመመውን ሰው አስመስላ የምትጫወት፣ በጣም የተዋጣላት ተዋናይት መስላቸዋለች። ከጥበቃዎቹ አንዱም ያጨበጭብ ነበር። ጄሪካኑን እየደጋገመች መታችው፤ መዳፏ ቀላ፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ትዕይንቱ በሰዓቱ አለቀና ብርሃኑ ጠፋ። እናቷም ጠፋች። ባዶው አስፋልት ላይ ኖላዊት ብቻዋን ቀረች፤ ሕዝቡ ሳይሆን ጎብኚው ቆሞ ያጨበጭብላታል።

ይድነቃቸው አላጨበጨበም። ከአጥሩ ውጭ ሲያገኛት ጄሪካኑን ከእጇ ተቀበላት።

«የቱ ደረጃ ነው?» አላት።

በፍርግርጉ በኩል አሳየችው። በስተግራ፣ ከታች ወደ ላይ ሲቆጠር አምስተኛው። ሰዎች ትኬታቸውን ይዘው እንደ አዲስ ሊቀመጡበት እየወጡ ነበር።

«ለምን ወደ ደረጃው መጣች? ለምን ወደ መንገዱ አልሮጠችም?»

«ወደ እኛ ነዋ። እኛን ልትወስድ።»

«እኛን?»

«አንተም ነበርክ።»

«የት?»

«ጀርባዬ ላይ። ያ ሁሉ ሲሆን ተኝተሃል።»

ይድነቃቸው የአጥሩን ብረት ይዞ ቆመ። እንባ አላወጣም፤ ፊቱ ግን የሌላ ሰው መሰለ። በኋላ «ድምጿስ?» አለ። «እዚያ ውስጥ የሰጧት ድምፅ ቀጭን ነው። እንደ ልጃገረድ።»

«ወፍራም ነበር። ስትጣራ ከሦስተኛ ቤት ይሰማል። ስትዘፍን አታምርም፤ እትዬ ደብሪቱ ‹እባክሽ ዝም በይ፣ ዶሮዎቹ እንቁላል ያቆማሉ› ትላት ነበር።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ተበላሸበትና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«የት ነው የሚፈረመው?» አላት።

በማግሥቱ አብረው አስተዳደሩ ቢሮ ሄዱ። ማሽኑ ምክንያት አልጠየቃትም፤ ፊቷን አይቶ በሩን ከፈተላት። አቶ መርዕድ ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበላቸው።

«እኛ እኮ ልንደውልልዎት ነበር! ትናንት የተቀረጸው ከከተማው አልፎ ተሰራጭቷል። ጎብኚዎቻችን እንዲህ ተነክተው አያውቁም። በሳምንት ሦስት ቀን ቢመጡልን፣ አስተዳደሩ በተገቢው ሁኔታ ይከፍላል። ልብሱንም እኛ እናዘጋጃለን።»

«ልንፈርም ነው የመጣነው» አለች ኖላዊት። «ሁለታችንም። እናታችን እንድትወጣ።»

የአቶ መርዕድ ፊት አዘነ። እውነተኛ ሐዘን ይመስላል።

«ትናንት ቢሆን ኖሮ» አለ። «አሁን ረፈደ። የእርስዎን ሐሳብ ማታውኑ ቦርዱ ተቀብሎታል። ክፍሉ ከመስከረሙ ትዕይንት ተለይቶ ለብቻው እንዲቆም ተወሰነ። ‹የውሃ በዓል› ይባላል። እናትዎ ዋናዋ ባለታሪክ ናቸው። ዋና ባለታሪክ የሆነ ሰው ደግሞ የአደባባዩ ቅርስ ነው፤ በቤተሰብ ፊርማ አይወጣም።»

«የውሃ በዓል» አለ ይድነቃቸው ቃሉን እያጣጣመ፣ እንደማያውቀው ምግብ።

«ጄሪካኑንም መልሰነዋል!» አለ አቶ መርዕድ። ሰሌዳውን ወደ እነሱ አዞረ። እንግዳወርቅ ቢጫ ጄሪካን ይዛ ነበር። ጄሪካኑ አዲስና የሚያብረቀርቅ ነው፤ እጀታው ላይ አደይ አበባ ታስሯል። እንደ ከበሮ ትመታዋለች። ትስቃለች። «ያሉትን ሁሉ ሰምተናል እህቴ። ስማቸውንም እናስገባለን። እንግዳወርቅ፣ አይደል? ግሩም ስም ነው።»

ይድነቃቸው ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «ሞታለች እኮ! እዚያ ደረጃ ላይ ጭንቅላቷ ተፈንክቶ ሞታለች! ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?»

አቶ መርዕድ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አጣጠፈ። «ከልብ እናዝናለን» አለ። ኖላዊት የወንድሟን ክንድ ይዛ አስወጣችው።

ይድነቃቸው ከዚያ ወዲህ አደባባዩን አልረገጠም። ማታ ማታ ከአዳማ እየደወለ ስለ እናታቸው ይጠይቃታል። ምን ትወድ ነበር? ስትቆጣ ምን ትላለች? ኖላዊት የምታውቀውን ትነግረዋለች። አንዳንዱን ስትናገር፣ ትዕይንቱ ከውስጧ የሰረቃትን ታስተውላለች። እናቷን ዓይኗን ጨፍና ስታስባት አንዳንዴ የምትመጣው የምትስቀዋ ናት። ያን ጊዜ ዓይኗን ትከፍትና እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች፦ ነጠላው፣ አንገቷ፣ ሳሙና የበላው እጅ።

የውሃ በዓል የተመረቀ ዕለት ከተማው ወደ ደወል ሜዳ ጎረፈ። መንገዶች ተዘጉ። በኖላዊት ሰሌዳ ላይ አውቶቡሶች ተራ በተራ ቀሉ። አንዱ፣ ሰው እስከ በሩ የጠቀጠቀው፣ ልክ ከአደባባዩ አጥር ጎን ቆመ። ጠጋ ብላ ይቅርታ ጠየቀች። ወዲያው አዲስ የሚነበብ ጽሑፍ መጣላት። በቦታው ለሚያልፍ አውቶቡስ ሁሉ እንዲነበብ የታዘዘ ነው።

«ክቡራን ተሳፋሪዎች» ብላ ጀመረች፤ «በስተቀኝዎ የሚታየው አዲሱ የውሃ በዓል ነው። የከተማችን እናቶች ውሃ ወደ ሰፈራቸው በገባ ጊዜ ጄሪካናቸውን እንደ ከበሮ እየመቱ ደስታቸውን…»

እዚህ ላይ ቆመች። ፊደሎቹ ፊቷ ላይ ይበራሉ። ከጎኗ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባዋ ቀና ብላ አየቻት።

ኖላዊት ጽሑፉን አጠፋችው። ድምፅዋን አላነሳችም። ባነሳች ጊዜ ምን እንደሚከተል አይታለች። ሁልጊዜ በምትናገርበት፣ በለሰለሰው፣ ማንንም በማያስደነግጠው ድምፅ ቀጠለች።

«ክቡራን ተሳፋሪዎች። ያነበብኩላችሁ ትክክል አይደለም። ውሃ አልገባም ነበር። ከፊት የቆመችው ሴት እናቴ ናት። ሆስፒታል አንሶላ ታጥብ ነበር። ቤታችን ውስጥ ለወንድሜ የሚጠጣ አልነበረም፤ ሁለት ዓመቱ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ጄሪካኗን ይዛ ስትወጣ ‹ደረጃው ላይ ተቀመጡ፣ አትነሱ› አለችን። ተቀመጥን። ሴቶቹ እዚያ መሀል ላይ፣ ሦስተኛው ምሰሶ ስር ቆሙ።»

የሥራ ተቆጣጣሪዋ የምትጠራበት መብራት ከኖላዊት ራስ በላይ ይብለጨለጭ ጀመር። ኖላዊት አየችው። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ዝም ብሏል። አላጨበጨበም። የሚሰማው የአየር ማስገቢያው ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚህ በኋላ ምን እንደምትል ጠፋትና እሷም ዝም አለች።

የመናገሪያው ቁልፍ ጮኸ። አንድ ተሳፋሪ ተጭኖታል። ስድቡን ለመስማት ተዘጋጀች።

«እህቴ» አለ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ። «ከዚያስ?»

የተቆጣጣሪዋ በር ተከፈተና የእርምጃ ድምፅ ወደ እሷ መጣ። ኖላዊት ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለች።

«ከዚያ» አለች፣ «ሰዎች መሮጥ ጀመሩ።»

አውቶቡሱ ገና አልተንቀሳቀሰም።